በሁለቱ 1972 መካከል

ደባርቅ ላይ የምኖርባት ክፍል አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷም ወደ ሰሜን ታያለች። ወደ ሰሜን ሊማሊሞ አለ። በሌሊት፣ በተለይም በክረምት፣ ጭጋጉ ከስሜን ተራሮች ወርዶ ከተማችንን ሲጠቀልላት ዓይን ሥራ ይፈታና ጆሮ ብቻውን ይነቃል። ያን ጊዜ ጠመዝማዛውን ሽቅብ የሚመጣ የጭነት መኪና ይሰማኛል። ድምፁ መጀመሪያ ወፍራምና የተጨነቀ ነው። ቀጥሎ ለአንዲት ቅጽበት ዝም ይላል። ከዚያ ቀጥኖ፣ ታድሶ፣ እንደ አዲስ ይነሣል። ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ ማለት ነው።

ያቺን በሁለቱ ድምፆች መካከል ያለችውን ዝምታ እወዳታለሁ። ስለ ምሩፅ ይፍጠር ለመጻፍ የተነሣሁትም በእርሷ ምክንያት ነው።

የግጥም ወዳጅ ሯጭን ምን ያደርገዋል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ስቆጥር የምውል፣ ማታ ማታ ስንኝ የምቋጥር የባንክ ሠራተኛ እንጂ የስፖርት ጸሐፊ አይደለሁም። ነገር ግን ከስሙ እንጀምር። «ምሩፅ» የሚለውን ቃል የሰማ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ወደ «ሩጫ» ያዘነብላል፤ ቃሉ ግን ትግርኛ ነው፤ ትርጉሙም «ምርጥ»፣ «የተመረጠ» ማለት ነው። የአባቱ ስም «ይፍጠር» ሲታከልበት ከእናት አፍ የወጣ ምርቃት ይመስላል፦ ምርጥ ይፍጠር! ፈረንጆቹ «ይፍጠር ዘ ሺፍተር» ብለው ቤት የሚመታ ቅጽል አወጡለት። እኛ «ማርሽ ቀያሪው» አልነው። የእኛው ቤት አይመታም፤ ነገር ግን የሾፌርና የረዳት ቋንቋ ነው፤ የዳገት ቋንቋ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ፣ ማርሽ መቀየር ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

አስተያየቴ አጭር ናት። የምሩፅን ታሪክ ከጫፉ ይዘን ስንተርከው ኖረናል። የመጨረሻዋን 300 ሜትር እናደንቃለን፤ ከእርሷ በፊት የነበረውን 9,700 ሜትር አናነሣም። ከሞስኮ በፊት ያለፉትን ስምንት የጥበቃ ዓመታትማ ከናካቴው ረስተናቸዋል። በዚህም ምክንያት ከሰውየው የተማርነው ፍጥነትን ብቻ ሆነ። ሊያስተምረን የሚችለው ትልቁ ነገር ግን ጥበቃ ነበር ባይ ነኝ።

ማርሽ መቀየር ምን እንደሆነ ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው። ዛሬ ዳባት ተቀምጠው በእርጅናቸው ንብ ያነባሉ፤ በወጣትነታቸው ግን የኤንትሬ ረዳት ነበሩ። ጣልያን የቆረጠውን የሊማሊሞን መንገድ እያንዳንዱን መታጠፊያ በስሙ ይጠሩታል። አንድ እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ስለዚሁ ጉዳይ አነሣሁባቸው።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀየረው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«ሞተሩ ሲለምንህ፤» አሉኝ። «ሳይለምንህ ብትቀይር ጉልበቱን ታባክናለህ። ለምኖህ ለምኖህ ዝም ካልከው ደግሞ ይታፈንና ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ እኔ ድንጋይ ይዤ ወርጄ ከጎማው ሥር እወሽቃለሁ። አንተ ልጅ፣ ሾፌርነት በእግርና በእጅ አይደለም፤ በጆሮ ነው።»

ይህን ሰምቼ ወደ ደባርቅ ስመለስ የምሩፅ ሕይወት በሦስት ነገር ተከፍሎ ታየኝ፦ ቀድሞ መቀየር፣ ሳይቀይሩ መቅረት፣ በልኩ መቀየር።

ምሩፅ አዲግራት ተወልዶ፣ በፋብሪካ ሠራተኝነትና በጋሪ ነጂነት ኖሮ፣ ኋላም አየር ኃይል ገብቶ በዚያው ለሩጫ የታጨ ሰው ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ፀጉሩ ገና በጊዜ የሸሸ። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ፣ የአሜሪካና የአፍሪካ አትሌቶች ተገናኙ። በ5,000 ሜትር ተቀናቃኙ ያ የአሜሪካኖቹ ስመ ጥር ወጣት ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ነበር። ምሩፅ ጊዜው ደረሰ ብሎ ተፈተለከ፤ ሁሉንም ጥሎ መስመሩን አለፈና ቆመ። ውድድሩ ግን አላለቀም፤ አንድ ዙር ይቀር ነበር። ቆጠራ ስቶ ነበር። ፕሪፎንቴይን ሮጦ ጨረሰና አሸነፈ።

እንግዲህ ይህ ነው ቀድሞ መቀየር። ጉልበቱ ነበረ፤ ፍጥነቱም ነበረ፤ የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነበር። እኔ ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና አንዲት ቁጥር መሳት የቀን ሙሉ ድካም ምን እንደምታደርገው አውቃለሁ። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አሥር ብር የጎደለው ሠራተኛ ሺህ ሰው ማስተናገዱን ማንም አይቆጥርለትም። ምሩፅ ግን በማግስቱ ተመልሶ 10,000 ሜትር ተሰለፈና አሸነፈ። ካሸነፋቸው አንዱ ፍራንክ ሾርተር ነበር፤ በዓመቱ ሙኒክ ላይ የማራቶንን ወርቅ የወሰደው ሰው።

ሁለተኛው ነገር ሙኒክ ነው፤ 1972 እ.ኤ.አ.። በ10,000 ሜትር ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ወድቆ ተነሥቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ቤልጂጋዊው ኤሚል ፑትማንስ ሁለተኛ ወጣ፤ ምሩፅ ነሐስ አገኘ። የቀረው 5,000 ሜትር ነበር። ለዚያ ግን መነሻው ላይ አልተገኘም። ማጣሪያው ያለ እርሱ ተጀመረ፤ ያለ እርሱም አለቀ። ምክንያቱን ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ይተርከዋል፤ እኔ ወደዚያ አልገባም። እኔን የሚያመኝ ምስሉ ነው፦ ለመሮጥ የተፈጠረ ሰው ሩጫው ሲጀመር ሜዳው ላይ የለም።

ከሙኒክ በኋላ በ1973 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሌጎስ ላይ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች 10,000ውን አሸነፈ፤ በ5,000ው ሁለተኛ ሆነ። ልቡ ያለው ግን ኦሊምፒክ ላይ ነበር። አራት ዓመት ጠበቀ፤ 1976 እ.ኤ.አ. ደረሰ፤ ሞንትሪያል። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ ኒውዚላንድ ከውድድሩ ስላልታገደች የአፍሪካ አገሮች ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ውሳኔው የክብር ውሳኔ ነበር፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የክብርን ዋጋ ሁልጊዜ የሚከፍለው አንድ ሰው ነው። ቪረን ሁለቱንም ርቀቶች ደግሞ አሸነፈ። ምሩፅ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሯጭ ዕድሜ እንደ በቆሎ እሸት ነው፤ ወቅቱ አጭር ነው። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ሯጭ «ገና አራት ዓመት እጠብቃለሁ» ቢል ማን ያምነዋል?

እርሱ ግን ጠበቀ። ሲጠብቅም እጁን አጣጥፎ አልነበረም። በ1977 እ.ኤ.አ. ዱሰልዶርፍ ላይ በዓለም ዋንጫ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። በ1979 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ሲደገም የተዘጋጀው የት ነበር? ሞንትሪያል! ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሮጥበት በወጣው ስታዲየም ገብቶ ሁለቱንም ርቀት አሸንፎ ወጣ። ይህን ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው «ሆን ብሎ ያገጣጠመው ነው» ብለን እንተቸው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከልብ ወለድም ይብሳል። ሙኒክ በፈረንጆቹ 1972 ነው። ሞስኮ በእኛው አቆጣጠር ስንት ነው? 1972! በእነርሱ 1972 የጎደለበትን በእኛ 1972 ሞላው። በሁለቱ 1972 መካከል ስምንት ዓመት አለ፤ ለሌላው ሰው የካሌንደር ልዩነት ብቻ የሆነውን እርሱ በእግሩ ኖረው። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ እያለን ለምን ሌላ ቅኔ እንደምንፈልግ ይገርመኛል።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.። አጎቴ በዚያች ማታ ደባርቅ ነበሩ። ጭጋግ ሊማሊሞን ዘግቶት መኪኖቹ አፋፉ ላይ ተኮልኩለው ቆመዋል። ሾፌሮችና ረዳቶች አንዲት ሻይ ቤት ተጠጋግተው ራዲዮ ከበዋል። ከውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ዝናቡ ሲበረታ ድምፁ ይጠፋል፤ ሲያባራ ይመለሳል።

«ከሃያ አምስቱ ዙር ግማሹን እንኳ የሰማን አይመስለኝም፤» ይላሉ አጎቴ። «ዝናቡ ነጠቀን። ግን ሦስቱ ልጆች አብረው እንዳሉ እንሰማ ነበር፤ እየተፈራረቁ ይመራሉ። እኛም አወቅን፤ ተሳቢ ሲጎተት እንደዚያ ነው።»

ሦስቱ ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ነበሩ፤ አሠልጣኛቸው ንጉሤ ሮባ። ከእነርሱ ጋር ሁለት ፊንላንዳውያን አሉ፤ አንዱ ራሱ ቪረን ነው፤ የሙኒክና የሞንትሪያል ጌታ። ኢትዮጵያውያኑ ፍጥነቱን ይጨምራሉ፤ ይቀንሳሉ፤ ደግመው ይጨምራሉ። የፊንላንዶቹን እስትንፋስ እንዳይረጋ አድርገው አወኩት። 300 ሜትር ሲቀር ያ ራሱ በራ አጭር ሰው ማርሹን ቀየረ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰዓቱ 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ። ካርሎ ማኒንካ ሁለተኛ፣ መሐመድ ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። ማኒንካ ከውድድሩ በፊት ደም ተሰጥቶት እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል፤ በጊዜው ሕጉ አይከለክልም ነበር። አንዱ ደም ጨምሮ መጣ፤ ሌላው ስምንት ዓመት ጨምሮ መጣ።

በአምስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 25፣ የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሆነ። ይህኛውን ከ10,000ው አብልጬ እወደዋለሁ። ምሩፅ በመጨረሻው ዙር ታጥሮ ነበርና። ከፊቱም ከጎኑም ሰው አለ፤ መውጫ የለውም። ማርሽ ለመቀየር ጆሮው ነግሮታል፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘግቷል። ያን ጊዜ ከፊት የነበረው መሐመድ ከድር ገለል ብሎ ቀዳዳ ከፈተለት። በዚያች ቀዳዳ ሾለከ። ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ንያምቡይ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ ወጡ። መሐመድ ከድር ከሜዳሊያው ውጭ ሆነ።

ስለዚህ ፍጹም የሆነ ጥበቃ እንኳ ብቻውን አይበቃም። ሰዓትህ ሲደርስ ገለል የሚልልህ ሰው ያስፈልጋል። የገለል ባዩን ስም ከአሸናፊው ስም እኩል ማንሣት አለብን ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም እስከ ዛሬ በቅጡ አላደረግነውም።

አሜሪካና ሌሎች ብዙ አገሮች በአፍጋኒስታን ወረራ ምክንያት ሞስኮ ስላልመጡ ድሉን የሚያሳንሱ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ መልሱ ዱሰልዶርፍና ሞንትሪያል ነው። ደግሞም በ1976 እ.ኤ.አ. ያልመጣው ራሱ ምሩፅ ነበር። ያኔ «የቪረን ወርቅ ጎዶሎ ነው» ያላለ ሰው አሁን የምሩፅን ወርቅ በምን ሚዛን ያጎድለዋል?

ድሉም በእርሱ ላይ አልቆመም። አሰላ አጠገብ አንድ የገበሬ ልጅ የሞስኮውን ሩጫ በአባቱ ራዲዮ ሰምቶ ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ይባላል። እርሱም በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ መቶኛ 9 ብቻ ቀድሞ ገባ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ 5,000ውንም 10,000ውንም ወስዶ የሞስኮውን ጥንድ ድል ደገመው። በመካከሉ ያለፈው 28 ዓመት ነው። ይህም ራሱ ጥበቃ ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው ልምጣ፤ ይህ የእኔም ሥራ ነውና። በሰነድ ምሩፅ ሞስኮ ላይ 36 ዓመቱ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ግን አላመኑም፤ ከአርባ በላይ ነው የሚሉም ነበሩ። ደጋግመው ሲጠይቁት የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ ሰው ዶሮዬን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ በጌንም ሊሰርቀኝ ይችላል፤ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አላቸው። ፈረንጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ይህን መልስ እንደ ቀልድ አላየውም።

በየሳምንቱ ከስሜን ግርጌ ቀበሌዎች የሚመጡ አዛውንት የቁጠባ ሒሳብ ሊከፍቱ መስኮቴ ፊት ይቆማሉ። ቅጹ የትውልድ ቀን ይጠይቃል። «አባቴ፣ መቼ ተወለዱ?» እላቸዋለሁ። አንዱ «የአንበጣው ዓመት» ይሉኛል። ሌላው «ታላቄ በተቀበረ በዓመቱ» ይላሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ገብሱ ያማረ ጊዜ» አሉኝ። የቀበሌ መታወቂያቸውን ሳይ ግን ሁሉም መስከረም 1 ቀን ተወልደዋል። ኮምፒዩተሩ ይህን ይቀበላል። ዓመታቸው በቁጥር ባይታወቅም ያልኖሩት ዓመት የለም፤ አንዱም አልተሰረቀባቸውም። ምሩፅ ያለው ይህን ነው። ጊዜ ለእርሱ በወረቀት የሚጻፍ ቁጥር አልነበረም፤ ተዘርቶ፣ ታርሞ፣ ተጠብቆ የሚታጨድ ነገር ነበር እንጂ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ለመጻፍ የከበደኝም እርሱ ነው።

ሊማሊሞን የወረደ መንገድ ዛሪማንና አዲ አርቃይን አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ ይገባል፤ ከዚያም አክሱምን፣ ዓድዋን እያለ አዲግራት ይደርሳል። ከመስኮቴ የምሰማው መንገድ ምሩፅ ወደተወለደበት ከተማ የሚወስደው መንገድ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ዳባት ገጠሮች መጣ፤ ብዙ ሰው አለቀ። እዚህ ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ከመንገዱ በወዲያኛው ጫፍም እንደዚያው። በእነዚያ ሌሊቶች ከመስኮቴ የሚሰማኝ ድምፅ የማርሽ አልነበረም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ የሰው ልብ ግን በፊርማ ቀን አይድንም።

ከስምምነቱ በኋላ አንድ ቀን ሲስተም ጠፋና ደንበኞች ወንበሩን ሞልተው ተቀመጡ። እስኪመጣ ድረስ አንድ ወጣት ስለ ሩጫ አነሣ። እኔም ስለ ማርሽ ቀያሪው ነገርኩት፤ ስለ ሙኒክ፣ ስለ ሞንትሪያል፣ ስለ ሞስኮ። ዓይኖቹ በሩ። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«የየት አገር ሰው ነበር?»

ዝም አልኩ። ያቺ በሁለት ድምፆች መካከል ያለችው ዝምታ ናት። የልጁ ታላቅ ወንድም በዚያ ነሐሴ እንደሞተ አውቃለሁ። ማለፍ እችል ነበር፤ «የአየር ኃይል ሰው ነበር» ብል ውሸት አይሆንም።

«የአዲግራት፤» አልኩት።

ልጁ መሬት መሬቱን አየ። እኔም ወሬውን መጀመሬን ጠላሁት። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንገቱን ሳያቀና «ያ መንገድ የከፈተለትስ ማን ነበር አልከኝ?» አለ።

«መሐመድ ከድር።»

«ደግ ሰው ነው፤» አለ። ሌላ አልጨመረም። ሲስተሙም መጣና ተራው ደርሶ ገንዘቡን አውጥቶ ሄደ። ይህ እርቅ ነው አልልም። ልጁ በልቡ ማርሽ ለመቀየር ስንት ዓመት እንደሚፈልግ እኔ ልወስንለት አልችልም፤ ማንም አይችልም። ነገር ግን ታሪኩን ሳልቆርጥ በመንገሬ አልተጸጸትኩም። ምሩፅን የአንድ ወገን ብናደርገው፣ ወይም አገሩን ደብቀን ብናወድሰው፣ ሁለቱም ስርቆት ነው። ዶሮና በግ ከመስረቅ አይተናነስም።

ምሩፅ የመጨረሻ ዓመታቱን በካናዳ በስደት ኖረ። ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ አዲስ አበባ ተቀበረ። ሩጫውን በትዕግሥት የጠበቀ ሰው አገሩንም ከሩቅ ሆኖ ሲጠብቅ አረጀ።

ለእኛ ለጽሑፍ ሰዎች ከዚህ የሚቀረን ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምረን በአምስተኛ ማርሽ እንነዳለን። ቁጣውም፣ ፍቅሩም፣ እንባውም እመግቢያው ላይ ያልቅና ግጥሙ መሐል ዳገት ላይ ቀጥ ይላል። የጎንደር የቅኔ መምህራን ተማሪያቸውን ዓመታት ሲያስጠብቁት ሲጨክኑበት አልነበረም፤ ወርቁን ከሰሙ አስቀድሞ እንዳያፈሰው ሲያስተምሩት እንጂ። እኔም ሠላሳዎቹን እያጋመስኩ ነው። ደብተሬ በግጥም ሞልቷል፤ መጽሐፍ ግን የለኝም። እኩዮቼ ሁለትና ሦስት አሳትመዋል። ይህን በዚያው እሑድ ለአጎቴ ነግሬያቸው «ዘገየሁ መሰለኝ፣ ጋሼ» ብላቸው፣ ቀፏቸውን እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ሊማሊሞ ላይ ዘገየ ተብሎ የተከሰሰ ሾፌር አላየሁም። ቸኩሎ ገደል የገባ ግን አውቃለሁ።»

ከዳባት ስመለስ መሽቶ ነበር። ጭጋጉ ወርዷል። መስኮቴን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ከታች፣ ከጠመዝማዛው፣ አንድ መኪና ሽቅብ ይመጣ ነበር። ያቺን ዝምታ ጠበቅኋት። ስትመጣም ይህችን ጻፍኩ፤ እነሆ፦

ቶሎ የተነሣ ቶሎ መች ይደርሳል፣
ማርሹን ያላወቀ ዳገት ላይ ያገሳል።
ዝም ብሎ ጠብቆ፣ ከኋላ ተጉዞ፣
ስምንት ዓመት መጣ ጸጥታውን ይዞ።

ቸር ያቆየን።